አንድ ሱቅ፣ አንድ ውሻ፤ ለሥራ ፈጣሪው ትውልድ የቀረበ ጥሪ

ይህ ጥሪ ጋራዥ ለከፈታችሁ፣ ጎሚስታ ለምትሠሩ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ሼድ ለተረከባችሁ፣ ጀበና ቡና ለምትሸጡ፣ አንድ ክፍል ካፌ ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ላላችሁ ወጣቶች ነው። የማነሳው ጉዳይ ሩቅ አይደለም፤ በራችሁ ላይ ተኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ቡናማ ነው፤ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ አንድ ጆሮው በጠብ የተተረተረ። ስሙ ቡቺ ነው፣ ወይም ቦቢ፣ ወይም ገና ስም አላገኘም። ጠዋት ስትከፍቱ ቀድሟችሁ ይነሳል፤ ማታ ቆልፋችሁ ስትሄዱ እዚያው ይቀራል። ከምሳ የተረፈ እንጀራ ትጥሉለታላችሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ሌሊት ማንም ቆርቆሮውን ሲነካ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ይህ ውሻ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን መልስ አያገኝም። ባለ ጋራዡ የሰፈሩ ነው ይላል። ሰፈሩ የጋራዡ ነው ይላል። ለወረዳው ባለቤት አልባ ነው። ልጅ የነከሰ ዕለት ደግሞ ሁሉም አላውቀውም ይላል። በከተሞቻችን ጎዳና የሚያድሩት ውሾች አብዛኞቹ የሚያበላቸው አላጡም፤ ያጡት የሚጠየቅላቸው ሰው ነው። የምናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሳ ነው፦ እያንዳንዱ ትንሽ የንግድ ቤት በደጁ ካሉት ውሾች አንዱን «የእኔ ነው» ይበል። ያስከትበው፣ ያስመክነው፣ ስልክ ቁጥሩን አንገቱ ላይ ያንጠልጥልለት፤ ከዚያም የቤቱ ምልክት አድርጎ በኩራት ያሳየው።

በገጠር ያደጉት አያቶቻችን ስለ ውሻ የተለየ ርኅራኄ ነበራቸው ለማለት አልደፍርም። በትር ይወረወርበት ነበር፤ ስሙም ለስድብ ይውል ነበር። ሆኖም ውሻው ሥራ ነበረው፤ ባለቤትም ነበረው። በረቱን ከጅብ፣ ማሳውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል። መንገደኛ ቢነከስ የእገሌ ውሻ ነው ተብሎ እገሌ ይጠየቃል። ከተማ ስንገባ ውሻው አብሮን መጣ፤ ያ የባለቤትነት ሥርዓት ግን አልመጣም። ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ውሻውን ትቶ ይለቃል። ሰፈር ሲፈርስና ነዋሪው ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ግቢ የለምና ውሻው ከፍርስራሹ ጋር ይቀራል። የቀረው ውሻ በአቅራቢያው ወዳለው የሰው እንቅስቃሴ ይጠጋል፤ ይህም ሥጋ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የመኪና ማጠቢያው ነው። ስለዚህ ዛሬ በራችሁ የተኛው ውሻ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደ፣ ወይም የተጣለ ውሻ ልጅ ነው።

ባለቤት የሌለውና ያልተከተበ ውሻ ከሁሉ በላይ የሚያሠጋው በእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታውም በአዲስ አበባ የቆየ ታሪክ አለው። በከተማዋ ስለ መከሰቱ የሚታወቀው ቀዳሚ ዘገባ እ.ኤ.አ. የ1903 ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም በቀድሞ ስሙ ፓስተር ይባል ነበር፤ የስሙ ባለቤት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያተረፈው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው። የወላጆቻችን ትውልድ ፓስተርን የሚያስታውሰው ሆድ ላይ በተከታታይ ቀናት በሚወጋው መርፌ ነው። የተነከሰ ልጅ ይዞ ከሩቅ አውራጃ በአውቶቡስ የመጣ አባት ያ መርፌ እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ይሰነብት ነበር።

ውሻውን በተመለከተ ግን ያ ዘመን የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች በየጊዜው ስትሪክኒን የተባለ መርዝ በሥጋ እያደረጉ ሌሊት ይጥሉ ነበር፤ ጠዋት በየቦዩ የተገተሩ ሬሳዎች ይሰበሰቡ ነበር። ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ ይቀር ነበር። ስትሪክኒን ጡንቻን እያኮማተረ ትንፋሽ የሚያሳጣ መርዝ ነው፤ እንስሳው እስከ መጨረሻው ራሱን አይስትም። ይህን ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያዩ ልጆች ዛሬ የእኛ ዕድሜ ናቸው።

ጭካኔው ቢቀር እንኳ ሥራው ውጤት የለውም። አንድ ሰፈር ስንት ውሻ እንደሚይዝ የሚወስነው የሚገኘው ምግብ ነው፤ ገንዳው፣ የሥጋ ቤቱ ትራፊ፣ የምግብ ቤቱ ጓሮ። ውሾቹ ሲገደሉ ምግቡ እዚያው አለ። ከጎረቤት ሰፈር ሌሎች ይገባሉ። አንዲት እናት ውሻ ሁለት ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልትወልድ ትችላለች። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተከተቡት አብረው መገደላቸውና በቦታቸው ያልተከተቡ መተካታቸው ነው። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ መንግሥት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን አስገደለ፤ በሽታው ግን ከደሴቱ አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሾችን መግደል ብቻውን በሽታውን እንዳላቆመ በግልጽ ይናገራል።

ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን አንዘንጋ። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው። ከመቶ 99ኙ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው። ከሚነከሱት መካከል አሥር ሰዎች ብትቆጥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2,700 ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመታል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። በሽተኛው ውኃ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል፤ ወላጆቹ ቆመው ያያሉ። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማስቀረት ይቻላል።

ማስቀረቱ ሰባ በሚለው ቁጥር ይጠቃለላል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70ዎቹ በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። በመንገዳችሁ አሥር ውሾች ካሉ ሰባቱ ማለት ነው። በዚያው መንገድ ስንት ሱቅ፣ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ካፌ እንዳለ ቁጠሩ፤ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ ሞቅ ባሉ መንገዶች የንግድ ቤቱ ቁጥር ከውሻው ሳይበልጥ አይቀርም። ሜክሲኮ ለአሥርት ዓመታት በነጻ የውሻ ክትባት ዘመቻ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። መርዝ አይደለም እዚያ ያደረሳት፤ በየዓመቱ ውሻውን ይዞ የሚሰለፍ ሰው ነው። የሚሰለፈው ሰው የሚገኘው ደግሞ ውሻው ባለቤት ሲኖረው ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በከተማ አጥር አይቆምም። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 እንዲሁም በ2014 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ከውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ ቀበሮዎቹን አጭዷቸዋል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በተጠቃው አካባቢ ከነበሩት ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ለዓመታት በባሌ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ውሻ የሚከትቡት ቀበሮውን ለማትረፍ ነው። እንደ አገር የምንኮራበት እንስሳ ዕድሜ በአንድ ተራ ውሻ ክትባት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ለምን የንግድ ቤት

ውሻ የመያዝ ኃላፊነት ለምን ለባለ ሱቅና ለባለ ጋራዥ ተሰጠ የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የንግድ ቤት አይነቃነቅም፤ ከዓመት ዓመት በአንድ ቦታ ይገኛል። በየቀኑ ያው ሰው ይከፍተዋል፣ ያው ሰው ይዘጋዋል። ትራፊ ምግብ አለው። በሩ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር አለው። ከሁሉም በላይ ውሻው ራሱ መርጦታል። ኮንዶሚኒየም ያለው ቤተሰብ ቢወድ እንኳ ቦታ የለውም፤ እናንተ ግን ውሻውን ከያዛችሁት ቆይታችኋል፣ የጎደለው ያንን በይፋ መቀበል ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ያደረጉ አሉ። በብራዚል ኤስፒሪቱ ሳንቱ ግዛት ሴራ በምትባል ከተማ አንድ የሂዩንዳይ መኪና መሸጫ ደጅ ላይ የሚያድር ባለቤት አልባ ውሻ ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ለሐኪም አሳዩት፤ ቱሳን ፕራይም ብለው ስም አወጡለት፤ ፎቶው ያለበት የሠራተኛ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። እ.ኤ.አ. በ2020 ፎቶው በዓለም ዞረ፤ የመሸጫው ስም ከከተማው ውጭ ታወቀ። በዚያው አገር በሞጂ ዳስ ክሩዜስ ከተማ አንድ ነዳጅ ማደያም በግንባታው ጊዜ ተጥሎ ያገኘውን ጥቁር ውሻ በተመሳሳይ መንገድ ባጅ ሰጥቶ ይዞታል።

ከእነዚህ በፊት ግን ኦውኒ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት አልባኒ ከተማ ፖስታ ቤት ገብቶ በደብዳቤ ከረጢት ላይ የተኛ ውሻ ነው። ሠራተኞቹ ወደዱት፤ የፖስታ ባቡር እየተሳፈረ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ የሄደበት ቦታ ሁሉ አንገቱ ላይ ምልክት ያስሩለት ነበር። የባቡር ፖስታ አገልግሎት የመልካም ዕድል ምልክት ተባለ። በ1895 ዓለምን ዞረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አርጅቶና ታሞ ሳለ በኦሃዮ ግዛት ቶሌዶ በሰንሰለት ታሰረ፤ ሰው ነከሰ፤ ተተኩሶበት ሞተ። ዛሬ ቆዳው ተሞልቶ በዋሽንግተን የፖስታ ሙዚየም ቆሟል። ሁሉም ያጨበጨበለት ውሻ ባረጀ ጊዜ መጨረሻው ሰንሰለትና ጥይት ሆነ። ምልክት ማድረግ ቀላል ነው፤ ከባዱ ካሜራው ከተዘጋ በኋላ ያለው ነው። ፎቶ ለማንሳት ብቻ ውሻ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ካለ ይህ ጥሪ እሱን አይመለከተውም።

ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ውሻ መጥፎ ማኪያቶ አያጣፍጥም፤ በቀጠሮው መኪና የማያስረክብ ጋራዥንም አያድንም። ጥሩ የተያዘ ውሻ በደጅ ሲታይ ግን ደንበኛው አንድ ነገር ይረዳል፦ እዚህ ቤት የሚጠየቅ ሰው አለ። የማይናገር እንስሳ ያልረሳ ሰው የኔን ዕቃ አይረሳም ይላል።

ግዴታው ምን ምን ነው

አያያዙ ከመረጣ ይጀምራል። ወተት ያልጣለ ቡችላ ከእናቱ ነጥቃችሁ አታምጡ፤ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይሙላው። የተሻለው በደጃችሁ የቆየውን፣ ሰው የለመደውን፣ ከሕፃንና ከሽማግሌ ጋር ጠባዩን ያያችሁትን ትልቅ ውሻ መያዝ ነው። የሚንገዳገድ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ወይም በድንገት ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ካያችሁ አትጠጉት፤ የወረዳውን እንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቀጥሎ ክትባት ነው። ሦስት ወር የሞላው ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፤ በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱን ከንግድ ፈቃዳችሁ አጠገብ በመስታወት ስቀሉት። ደንበኛም ጎረቤትም ያንብበው። ሦስትና አራት ሱቆች ተነጋግረው በአንድ ቀን ሐኪም ቢጠሩ የመምጫው ወጪ ይካፈላል፤ እቁብ የምትጥሉ ሰዎች ለዚህ አትቸገሩም።

ሦስተኛው ማስመከን ነው። ብዙ ሰው ይህን ጭካኔ አድርጎ ያያል። ጭካኔው ግን በየስድስት ወሩ በዝናብ ቦይ ውስጥ የሚወለዱት ቡችሎች በመኪና መገጨታቸው ነው። የመከነ ውሻ ወዲያ ወዲህ መዞሩ ይቀንሳል፤ በሴት ውሻ ምክንያት የሚነሳው የሌሊት ጠብም ይበርዳል። አንዲት ሴት ውሻ ያስመከነ ቤት ለሰፈሩ የሠራው ሥራ ሁለት ወንድ ከያዘው ይበልጣል።

ምግቡን በተመለከተ የእኛ ቤት የራሱ አደጋ አለው። ወጣችን በሽንኩርት የተሞላ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወጥ የነካው ፍትፍት በየቀኑ መስጠት ቀስ በቀስ መመረዝ ነው። ደረቅ እንጀራ በውኃ፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ ቅመም ያልገባበት የተቀቀለ ሥጋ ይሻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል፤ አትስጡ። በበዓል ማግስት የበጉን ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ የምታዩት ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው፤ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ በልጆች እጅ ወደ ሰው ሆድ ይገባል፣ በሰው ጉበትም ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ ወይ ቀቅሉት ወይ ቅበሩት፤ ውሻውንም በሐኪም ምክር የሆድ ትል መድኃኒት አጠጡት።

ጋራዥ ውስጥ ከራዲያተር የሚፈሰው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰውና ኩላሊቱ ይሞታል። ወለሉ ላይ አታስቀሩት። የባትሪ አሲድና የተቃጠለ ዘይትም ከሚደርስበት ይራቅ። ካፌ ያላችሁ ውሻው ከወጥ ቤትና ከምግብ ማቅረቢያው ፈጽሞ ይራቅ፤ ቦታው ደጅ ነው። ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ አንገቱ ላይ የዋለ ውሻ ክፉ ይሆናል፤ ኦውኒን አስታውሱ። ዝናብ የማይነካው ጥግ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ይኑረው። አንገቱ ላይ ስሙና የሱቁ ስልክ ይጻፍ።

በመጨረሻም ስም ያለው አንድ ሰው ይመደብ። አምስት ሆናችሁ ተደራጅታችሁ ከሆነ ውሻው የአምስታችሁ ነው ማለት የማንም አይደለም ወደሚለው መመለስ ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሱቁ ሲዘጋ ማን ያበላዋል? ሼዱ ቢፈርስ፣ ኪራይ ቢጨምር፣ ሽርክናው ቢበተን ማን ይዞት ይሄዳል? ይህ መልስ በጽሑፍ ሳይቀመጥ ውሻ አትያዙ።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

ሕጉን የምትፈሩ ትክክል ናችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ባደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፤ አምልጦት ቢሆን እንኳ። ስለዚህ «የእኔ ነው» ያለ ሰው ዕዳ ተቀብሏል። ይህ ግን ለመሸሽ ሳይሆን ጠባዩን ለማወቅ፣ ለማስከተብና በር ላይ እንዳይጋረጥ ለማስለመድ ምክንያት ነው። ዛሬ ማንም የማይጠየቅለት ውሻ ሲነክስ ዕዳው የሚወድቀው በተነከሰው ልጅ ቤተሰብ ላይ ነው።

ውሻ ርኩስ ነው የሚል ደንበኛ አለ፤ አክብሩት። ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ የሚጠብቅ ሥርዓት አለን፤ ሙስሊሙም ለሃጩ የነካውን ያጥባል፣ ለሶላት ንጽሕናውን ይጠብቃል። ውሻው የሰው ልብስ ላይ እንዳይወጣ ማስተማርና ከበሩ መሐል ማንሳት የእናንተ ፈንታ ነው። ይሁን እንጂ የሃይማኖታችን ታሪክ ውሻን በዱላ ብቻ አያውቀውም። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት ነበር፤ ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናብ የሚጠመቅ ሁሉ ይህን ታሪክ ሲተረክ ይሰማል። በባለጠጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ ባለጠጋው ግን አላየውም። በእስልምናም የዋሻው ሰዎች ውሻ በቁርኣን ተጠቅሷል፤ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱ በሐዲስ ይነገራል፤ ለጥበቃ፣ ለእረኝነትና ለአደን ውሻ መያዝም የተፈቀደ ነው።

ሰው በችግር ላይ እያለ ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ከሁሉም ጥያቄ ክብደት ያለው ይህ ነው። በእብድ ውሻ የሚሞተው ግን ውሻውን በግቢ አስሮ የሚኖረው ባለ ቪላ አይደለም፤ ጫማ ሳያደርግ በኮብልስቶን ላይ ኳስ የሚጫወተው የድሃ ልጅ ነው። በውሻው አንገት የሚገባው መርፌ የሚጠብቀው ያንን ልጅ ነው። በሰውና በውሻ መካከል ምረጡ የሚባል ነገር የለም፤ ክትባቱ ለሁለቱም አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ይወቅ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ጸበልም ሆነ ቅጠል የክትባቱን መርፌ አይተካም፤ ጸበሉን የሚወድ መርፌውን ጨምሮ ይጠመቅ። የነከሰውን ውሻም በንዴት አትግደሉት፤ ለማሰር የሚቻል ከሆነ አስራችሁ በሐኪም ክትትል 10 ቀን አቆዩት። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ የተነከሰው ሰው ከበሽታው ነጻ መሆኑን የምታውቁት በዚያ ነው።

ሸክሙ የሁሉም ነው

ባለ ሱቁ ብቻውን አይችለውም። የቢሾፍቱና የጎንደር የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ ትምህርታችሁን በወረቀት አትጨርሱ፤ በዓመት አንድ ቅዳሜ ወጥታችሁ አንድ መንገድ ከትቡ፣ ማስመከንንም በመምህራኖቻችሁ ፊት እዚያው ተለማመዱ። ወረዳዎች ደግሞ ከመርዙ በፊት መዝገብ አዘጋጁ፤ የተከተበ ውሻ ምልክት ይኑረው፤ ምልክት ያለውን ማንም እንዳይነካ መመሪያ አውጡ። ዕድሮች ድንኳንና ወንበር እንደምታውሱት ለክትባት ቀን ግቢያችሁን አውሱ። አስተማሪዎች ለልጆች ድንጋይ ከመወርወር ይልቅ የተኛና የሚበላ ውሻ አለመንካትን አስተምሩ፤ ድንጋይ የተወረወረበት ውሻ ነው ሲሮጥ ያየውን ልጅ የሚያሳድደው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖችም ከዚህ ድርሻ አላችሁ። ለዕረፍት መጥታችሁ የወደዳችሁትን ቡችላ በሻንጣ ይዛችሁ ለመሄድ አታስቡ፤ ኢትዮጵያ በአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ዘንድ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ናት፤ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህም ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጣው ደግሞ መስፈርቱ ይበዛል። ይልቅ ያደጋችሁበትን መንገድ ምረጡ። ዘመዳችሁ ባለበት ሰፈር የአሥር ሱቆች ውሾችን የክትባት ወጪ ቻሉ።

ትውልድ የሚለካው በሠራው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ከቀድሞው የተረከበውን መጥፎ ልማድ ማስቆሙም ይቆጠርለታል። የመርዙን ሥጋ የተረከብነው ሳንጠየቅ ነው። ለልጆቻችን ማስረከቡ ግን በእጃችን ነው። ዓለም በ2030 እ.ኤ.አ. ከውሻ በሚመጣው በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር አቅዷል፤ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረው ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። ቀጠሯችን ያ ቀን ይሁን። ደመራው ከተቃጠለ በኋላ ሱቃችሁን ከመክፈታችሁ በፊት በደጃችሁ ካሉት ውሾች አንዱን ምረጡ፣ ስም ስጡት፣ ሐኪም ጥሩ፣ አስከትቡት። ጎረቤት ሱቅም እንዲያደርገው ንገሩት። ከአሥሩ ሰባቱን እስክናዳርስ ድረስ ማንም ሥራዬን ጨረስኩ አይበል።